የወንድሜ ግራ እጅ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዘሄግ ከተማ፣ በአንድ የሰፈር መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ወንድሜ ጌታነህ በመስኮቱ በኩል ካሉት ጠረጴዛዎች በአንዱ ተቀምጧል። ከፊቱ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ አምሳውን ያለፈች የአገሩ ሴት ተቀምጣለች። ዳኛው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከሴትዮዋ ጀርባ ቆሟል። የወንድሜ ቡድን አለቃ፣ ኬስ የሚባለው ረጅም ሽማግሌ፣ የራሱን ጨዋታ ትቶ ከጠረጴዛው ራስጌ ቆሟል። የወንድሜ ልጅ ሜሮን ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩን ተደግፋለች። እኔ ከማሞቂያው ብረት አጠገብ ነበርኩ። ወንበር ሰጥተውኝ ነበር፤ መቀመጥ ግን አልቻልኩም።

ጨዋታው ቼዝ ነው። ለሌሎቹ የክለብ ነጥብ ጉዳይ ነበር። ለእኛ ለሦስታችን ግን ወንድሜ ከእኔ ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ ይመለሳል ወይስ እዚያው ይቀራል የሚለው የሚቆረጥበት ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቶቼ ስለ ጉዞው ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ከመነሻው ጀምሬ ጽፌዋለሁ።

ሰኞ

ከቤቴ የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስካለ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል፣ "እንግዲህ ይዘሽው ነይ፤ ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ" አለችኝ። የአባይን ሸለቆ ስንወርድና ስንወጣ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ በስደት ከአገር ከወጣ ዕድሜ ልኩን ነው። ሮተርዳም ኖሮ፣ ሠርቶ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ሚስቱንም እዚያው ቀብሯል። ባለፈው ገና ሰሞን ልጁ ሜሮን ደወለችልኝ።

"አክስቴ፣ አባዬ እየረሳ ነው። አንድ ቀን ምድጃ ላይ ድስት ጥዶ ወጥቷል፤ ጎረቤት ነው ያጠፋው። ሃይስአርትሱ፣ የቤተሰብ ሐኪሙ ማለቴ ነው፣ ገና ግልጽ አይደለም፣ ተከታተሉት ብሎናል። እኔ ዛንዳም ነው የምሠራው፤ የሌላ ሰው አባት ስጠብቅ ነው የምውለው። የእኔን ማን ይጠብቅልኝ? ነይና እዪው። ካስፈለገ ይዘሽው ሂጂ።"

በምመለስበት አውሮፕላን ለእሱም ቦታ ያዘችለት። እኔም ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ተዘግቶ የነበረውን የፊት ለፊቱን ክፍል አስከፍቼ ኖራ አስቀባሁት። አልጋ አስገባሁበት። መስኮቱንም ወደ ደጅ እንዲያሳይ ከፍ አስደረግሁት።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮና ድርቆሽ አለ። ከሥር ደግሞ የአባታችንን ሰንጠረዥ ጠቅልዬ ይዣለሁ። አባታችን የአውራጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። ሰሌዳቸው እንጨት አይደለም፤ ቀይ ጨርቅ ነው፣ ጥቁር ጥብጣብ እየተሰፋበት በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ። ጠጠሮቹ ከቀንድ የተሠሩ ናቸው።

የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ በብዙ ነገር ይለያል፤ ዋናው ግን አጀማመሩ ነው። ቼዝ ከመጀመሪያው ተራ በተራ ነው። የእኛው ሲጀመር ተራ የለውም። ወረራ ይባላል። ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ አንዱን ሳይጠብቅ፣ እጃቸው በፈጠነ መጠን ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይህ የሚቆመው ከሁለት አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያ በኋላ ተራ ይጀመራል። አባታችን ወረራውን በሁለት እጃቸው ነበር የሚያሰልፉት፤ ቀኝ እጃቸው አንዱን ስታስቀምጥ ግራው ሌላውን ታነሳለች። ጌታነህም ከእሳቸው ያየው ያንኑ ነው። ሴት ልጅ ከወንዶቹ ጋር አትቀመጥም ነበር። አባታችን ችሎት ሲውሉ ግን እኔና ጌታነህ ጨርቁን ዘርግተን እንጫወት ነበር።

ማክሰኞ

አምስተርዳም ስደርስ ሜሮን ብቻዋን ነበር የተቀበለችኝ። በልጅነቷ አንድ ጊዜ አይቻታለሁ፤ አሁን ትልቅ ሴት ናት። አቅፋኝ "አንቺ ምንም አላረጀሽም!" አለችኝ። አንቺ መባሌ ጆሮዬን ያዝ አደረገው። በእኛ ቤት ታናሽ ለታላቅ እንዲህ አይልም። በኋላ ግን አባቷንም፣ ቄሱንም፣ ሁሉንም እንዲሁ እንደምትጠራ አየሁና ለመድኩት።

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው እንደ ቆጥ መሰላል ቀጥ ብሎ የቆመና ጠባብ ነው። ሻንጣዬ መሐል ላይ ተሰነቀረና እኔ ከላይ፣ ሜሮን ከታች ቀረን። አንድ ልብሱ ቀለም በቀለም የሆነ ሰው ከላይ ወረደ፣ ሻንጣውን በትከሻው አነሳ፣ በራችን ላይ አስቀመጠ፣ ምስጋናዬን ሳይጠብቅ ሄደ። ቋንቋ ለማይችል ሰው እንዲህ ያለ ደግነት ይቀላል።

የዚያ አገር ሰው መስኮቱን አይጋርድም። በመንገድ ሲያልፉ ሰው እራቱን ሲበላ፣ ልጁን ሲቆጣ ይታያል። እኛ አገር ሀብታምም ድሃም አጥር ያጥራል። እነሱ ቤታቸውን ከፍተው በማንም ጉዳይ አይገቡም፤ እኛ አጥረን የሁሉንም እናውቃለን።

ሽሮ ሠራሁ። ስንበላ ሜሮን ስልኳን በድምፅ ከፍታ አባቷን አገናኘችኝ።

"እታለም፣ ደረስሽ?" አለኝ። ታላቅ እኅቱ ስለሆንኩ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራኝ በዚህ ነው። "ሰላይ ሆነሽ መጣሽ አሉ።"

"ለጥየቃ ነው የመጣሁት።"

"ሜሮን፣ ስሚኝ። አክስትሽም ምስክር ትሁን። ቅዳሜ ዘሄግ ውድድር አለኝ። እዚያ ሰሌዳ ላይ አእምሮዬ ከከዳኝ ሻንጣዬን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ። ካልከዳኝ ግን ስለ ትኬት ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ።"

ሜሮን "እሺ አባዬ፣ ተስማማን" አለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ፣ "ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው ቼዝን ነው። እሱ ከሄደ ሁሉም ሄዷል ማለት ነው" አለችኝ። አልጋዋን ለእኔ ለቃ እሷ ሶፋ ላይ ተኛች። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ረቡዕ

ሜሮን ብቻዬን እንዳልውል ወደ ሥራዋ ይዛኝ ሄደች። ባቡር ውስጥ ሲገቡ ካርድ ያስነካሉ፣ ሲወርዱም ያስነካሉ። እኔ ስወርድ ረሳሁ። ሜሮን ወደ ኋላ ስትመልሰኝ "እንዴት ትረሺያለሽ?" አለችና ወዲያው አፏን ያዘች። ከጣቢያው ስንወጣ ደግሞ የብስክሌት መንገድ ላይ ቆሜ ስገረም አንዲት እናት ሁለት ልጆች ጭና ልትገጨኝ ትንሽ ቀራት። የሚመረመረው እኔ ብሆን ኖሮ በዚያ ቀን ፍርዱ ያልቅ ነበር።

ዛንዳም ውስጥ ሜሮን የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ንጹሕ ነው፤ ይሞቃል፤ አበባ በየጠረጴዛው ላይ አለ። ሠራተኞቹም ሽማግሌዎቹን በስማቸው እየጠሩ ያጫውታሉ። ነውር አላየሁበትም። ግን መውጫው የመስታወት በር ቁጥር ካልነኩበት አይከፈትም። አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አድርጎ ከበሩ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"ሰው እየጠበቀ ነው?" አልኳት።

"አውቶቡስ እየጠበቀ ነው" አለች ሜሮን። "ሁልጊዜ ይጠብቃል።"

እኛ አገር ሽማግሌ ደጅ ላይ ይቀመጣል፤ አላፊ አግዳሚው እጅ ነስቶት ያልፋል። በልቤ የደብረ ማርቆሱን መስኮት ከፍ ማስደረጌ ጥሩ አደረግሁ አልኩ።

ሐሙስ

ወደ ሮተርዳም የሄድኩት ብቻዬን ነው። ሜሮን ባቡሩ ላይ አሳፍራኝ፣ የምወርድበትን ደጋግማ አስጠናችኝ። ምድሩ እንደ ትሪ ሜዳ ነው። ተራራ የለም፤ ዓይን የሚያርፍበት የለም። ውኃው ከመንገዱ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ጎጃም ውኃ ቁልቁል ነው የምናየው።

ጌታነህ ከጣቢያው ትልቅ ሰዓት ሥር ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ነበር። ከስቷል። አንገቱ ላይ በገመድ የታሰረ ክብ ነገር አየሁ። የወጥ ቤት ደወል ነው፤ ድስት ሲጥድ የሚሞላው። "ምድጃው ከእንግዲህ አይከዳኝም" አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ትራም ላይ ስለ ወረዳው፣ ስለ ወደቡ፣ ቭላርዲንገን በምትባል ከተማ ስለ ሠራበት መጋዘን ሲያጫውተኝ መውረጃችንን አለፍነው። ሲያወራ ነው ወይስ ረስቶ? መለየት አልቻልኩም። ዴልፍስሃቨን ከሚባለው ሰፈሩ የደረስነው በእግር ተመልሰን ነው። አሮጌ ጀልባዎች የታሰሩበት ጸጥ ያለ የወደብ ውኃ አለ። ከእሱ አለፍ ሲል የቱርክ ዳቦ ቤት፣ የሞሮኮ ሥጋ ቤት፣ የእኛ ሰዎች ሱቅ። ሁሉም ጌታነህን በስሙ ሰላም ይለዋል። የዳቦ ቤቱ ሰው ጾም መሆኑን ሲሰማ ወተት የሌለበትን መርጦ ሰጠን፤ ከወተቱ ዳቦ ጋር እንዳይነካካም ለብቻ ጠቀለለልኝ።

ከምሳ በኋላ ጨርቁን ከሻንጣዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ወንድሜ ለብዙ ጊዜ አልነካውም። ከዚያ አንድ ጥብጣብ በጣቱ ዳበሰ።

"ይቺን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። በሲጋራ።"

"አባባ እኔን ነው የቆጡኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ። በይ ተቀመጪ።"

ወረራውን ጀመርን። ሁለት እጁ እንደ ሸማኔ እጅ ነበር። እኔ ሦስት ጠጠር ሳነሳ እሱ ሰልፉን ጨርሶ እጁን አጣምሮ ይጠብቀኛል። "እታለም፣ ጠላት እስክትነሺ አይጠብቅሽም!" እያለ ይሳለቅብኛል። ከእሱ ጋር በሳቅ እንዲህ የተቀመጥንበትን ጊዜ አላስታውስም።

ማታ ሜሮን ደወለች። "ዛሬ ምን ረሳ?"

ስለ ትራሙ ነገርኳት። ከነገርኳት በኋላ ከፋኝ።

ዓርብ

ጠዋቱን ሙሉ ተጫወትን። ወደ ቀትር ኬስ መጣ። ባለ አይብ ዳቦ ይዞ ነበር። ጌታነህ ጾም መሆናችንን ሲነግረው ኬስ ቀላ፣ በብስክሌቱ ወጥቶ ሄደ፣ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ይዞ ተመለሰ። ጌታነህ የወረቀቱን ጽሑፍ አነበበ፤ ቅቤ አለበት። ኬስ እንደገና ወጣ። በሦስተኛው ሙዝ ይዞ መጣ፤ ሙዙን ወደ ላይ አንስቶ የሆነ ነገር አለኝ።

"ይህ ደግሞ ምን ጥፋት እንዳለበት ጠይቅልኝ ይላል" አለ ጌታነህ።

ኬስ ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ሲያወራ ፊቱ ጠበቅ አለ። ክለባቸው ካላሸነፈ ወደ ታችኛው ምድብ ይወርዳል። ጌታነህ ጨዋታ ሲከፍት ሌላው ምንም ያድርግ ምን፣ ወታደሮቹን አንድ አንድ እርምጃ እየገፋ፣ ከኋላ ሠራዊቱን በዝምታ ያሰልፋል። አይበላም፤ አያስበላም። የክለቡ ሰዎች ይህን አከፋፈት ሐበሻው ብለው ሰይመውታል። ከየት እንዳመጣው ኬስ ጠይቆት አያውቅም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቀይ ጨርቅ አየና አገላብጦ ተመለከተው፤ ጌታነህ ግን የአባቴ ነው ብቻ አለው።

ማታ ሜሮን ስትደውል ጌታነህ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ ቤቱን ሙሉ ሲፈልግ እንደነበር ልነግራት ይገባኝ ነበር። አልነገርኳትም። መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ስፈልግ ስንት ጊዜ ውያለሁ። ግን ደግሞ እኔ ድስት ጥጄ ወጥቼ አላውቅም።

ቅዳሜ

ኬስ በመኪናው ይዞን ሄደ። ዘሄግ ስንደርስ ነፋሱ የባሕር ሽታ ነበረው። ሜሮን ከአምስተርዳም በባቡር መጥታ በር ላይ ጠበቀችን። አባቷን ሳመችው፤ ሸሚዙን አስተካከለችለት። የአንገቱን ደወል አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ፤ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ያለው ነገር አይፈቀድም።

አዳራሹ ዝም ያለ ነው። በእኛ ቤት ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ "ፈረሱን! ፈረሱን አንሳ!" እያለ ይጮሃል፣ የተሸነፈውን ይሰድባል፣ ያሸነፈውን ያወድሳል። እዚያ የሚሰማው የሰዓቱ መነካት ብቻ ነው። ተጫዋቹ ጠጠሩን ባንቀሳቀሰበት በዚያው እጅ ሰዓቱን ይጫናል፤ ያኔ የሌላው ጊዜ መቁጠር ይጀምራል። ኬስ ይህን ሁሉ አስቀድሞ በምልክት አስረድቶኝ ነበር።

ሴትዮዋ ነጩን ይዛ የመሐል ወታደሯን ሁለት እርምጃ ላከች። ወንድሜ ከፈረሱ ፊት ያለችውን አንድ እርምጃ ገፋ። ያ አባታችን ያስተማሩት ነው፤ በሰንጠረዥ ወታደር ሁለት እርምጃ አትሄድም። ሴትዮዋ መሐሉን በወታደሮቿ ሞላችው። ወንድሜ ከኋላ ሠራዊቱን ያሰልፋል። ማንም ማንንም አልበላም። ልቤ በዚህ ጊዜ ረገብ ብሎ ነበር።

ከዚያ ሴትዮዋ አገጯን ይዛ ማሰብ ጀመረች። ቆየች። ወንድሜ ቀኝ እጁን ሰዓቱ አጠገብ አሳርፎ ሰሌዳውን ያያል። ሳትጫወት፣ የእሷ ተራ ሆኖ ሳለ፣ ግራ እጁ ከጭኑ ላይ ተነሳች። በዚያኛው ጠርዝ ያለችውን የራሱን ወታደር አንድ እርምጃ ገፋች። ተመልሳም ጭኑ ላይ አረፈች።

ሴትዮዋ ቀና አለች። ወንድሜን አየችው፣ ሰሌዳውን አየች፣ ቀስ ብላ እጇን አነሳች። ዳኛው መጣ። ሰዓቱን አቆመ። ወታደሯን ወደ ቦታዋ መለሳት። ለሴትዮዋ ጊዜ ጨመረላት። ለወንድሜ አንድ ጣት አሳየው፣ ቀጥሎ ሁለት ጣት አሳይቶ እጁን በአየር ላይ ቆረጠ። ሁለተኛ ከደገመው ጨዋታው ያበቃል ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ የዘረዘርኳቸው ሰዎች የቆሙት በዚህ ጊዜ ነው።

 የወንድሜ ፊት አመድ መስሎ ነበር። ወደ እኔ አንድ ጊዜ አየ።

ሜሮን በሩን ከፍታ ወጣች። ተከተልኳት። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ይዛ ነበር።

"አየሽ አይደል? አየሽ? ተራውን ረሳ። ቼዝ ላይ፣ አክስቴ! ቁልፍ ይረሳል፣ ቀጠሮ ይረሳል፣ ቼዝን ግን…" ዓይኗን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች። "በቃ። ራሱ ነው ያለው። ሰኞ ይዘሽው ትሄጃለሽ።"

"እሺ" አልኳት።

እሺ ካልኩ በኋላ ውጪ ያለውን አየሁ። ብስክሌቶች ላይ ዝናብ ይወርዳል። አዲስ የተቀባው ክፍል ታየኝ። ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰው ውኃ ስጥድ ታየኝ። ወይዘሮ አስካለ አጥሩ ላይ ሆና "ይዘሽው መጣሽ!" ስትል ሰማሁ። መናገር የሚያስፈልገኝ ነገር አልነበረም፤ ዝም ካልኩ ሁሉ በራሱ ይሆናል።

ወደ አዳራሹ ተመልሼ ከማሞቂያው አጠገብ ቆምኩ። ወንድሜ እየተጫወተ ነው። ተራውን ይጠብቃል፣ ያንቀሳቅሳል፣ ሰዓቱን ይጫናል፣ ሁሉንም በቀኝ እጁ። ግራውን ፈለግኋት። ከጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀምጦባታል።

ብዙ ቆምኩ። ሴትዮዋ ፈረሱን በላችበት፤ እሱም በላ። አንድ ጊዜ ሊያስነጥሰው ሲል እንኳ አፉን በቀኙ ያዘ እንጂ ያችን አላወጣትም።

እንደገና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ሜሮን አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች።

"በየትኛው እጁ ነበር?" አልኳት።

"ምኑን?"

"ወታደሯን የገፋት።"

"እኔ እንጃ። አላየሁም።"

"በግራው ነው። አባትሽ በግራ እጁ ቼዝ ሲጫወት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

አሰበች። "አይ።"

ስለ ወረራ ነገርኳት፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ተራ እንደሌለ፣ አያቷ በሁለት እጃቸው እንደሚያሰልፉ፣ ሐሙስና ዓርብ እንዲያ ስንጫወት እንደዋልን። "ጨርቁን ያመጣሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "ዛሬም እዚህ ማንም ገና አልበላም ነበር። እጁ ወረራ ላይ ነበረች።"

"ታዲያ ለምን አልነገረኝም?"

"እሱም አላወቀ ይሆናል።"

"አንቺስ?" አለችኝ ቀና ብላ። "ቅድም እሺ ብለሽኝ ነበር።"

"ብዬሽ ነበር።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቆይታ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች፤ እኔም አላነሳሁትም።

ወንድሜ ተሸነፈ። አዳራሹ ባዶ ሊሆን ምንም ሳይቀረው፣ በሰሌዳው ላይ ሁለት ንጉሥና ጥቂት ወታደር ሲቀር፣ የሴትዮዋ ወታደር ቀድማ ጫፍ ደረሰች። እጁን ዘረጋላት። እሷም በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ነገር ነገረችው። እንዲህ አድርጎ የተከላከለባት ሰው እንደሌለ፣ አከፋፈቱንም ሌላ ቀን እንዲያሳያት መጠየቋን ሜሮን ተረጎመችልኝ። ክለባቸው በሌሎቹ ነጥብ ሳይወርድ ቀርቷል። ኬስ ወንድሜን በትከሻው ያዘና የተናገረው ሁሉንም አሳቀ።

"በሁለት እጅ የምትጫወት ከሆነ ሁለት ነጥብ ማምጣት ነበረብህ ነው የሚለው" አለች ሜሮን። ከመጣሁ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ሜሮን በባቡር ተመለሰች፤ መኪናው ውስጥ እኔና ጌታነህ ከኋላ ነበርን። ደወሉን መለስኩለት፤ አንገቱ ላይ አጠለቀው።

"ነገርሻት?"

"ነገርኳት።"

"እኔ ፈርቼ ነበር፣ እታለም።"

"ምኑን?"

"ረስቼው እንደሆነስ ብዬ።"

የአባባ እጅ ናት አልኩት። እንዲያ መሆኑን አምኜ ነው ያልኩት፤ ግን እስከ ሮተርዳም ድረስ ትራሙ፣ ቁልፉ፣ ድስቱ ከአእምሮዬ አልወጡም። አሁንም ስለ እነሱ የማውቀው ነገር የለም።

እሑድ

ቅዳሴ ሄድን። ቤተ ክርስቲያኑ የተከራየ አዳራሽ ነው፤ ጫማ የሚወለቀው በረንዳ ላይ ስለሆነ ዝናብ ይመታዋል። ጌታነህ የእኔን ጫማ በፌስታል አድርጎ ይዞልኝ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ሜሮን መጥታ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከአባቷ ጋር ተቀመጠች። ጠዋት ጠዋት የቤት ለቤት ተንከባካቢ እንዲመጣለት፣ ማታ ደግሞ ኬስ ብቅ እንዲልለት ተስማሙ። ምድጃው በራሱ በሚጠፋ ይቀየራል። ሐኪሙ ዘንድ በየጊዜው ይሄዳል።

"ሐኪሙ ሌላ ነገር ካለ ግን አባዬ፣ ያኔ ግራ እጅ ምናምን አልሰማም" አለችው።

"ያኔ እኔም አልናገርም" አላት።

ወደ እኔ ዞረች። "አክስቴ፣ ትኬቱን ምን ላድርገው?"

"መልሺው" አልኳት።

ሰኞ

በረራዬ ከቀትር በኋላ ነበር። ሜሮን ሌሊት ሠርታ በጠዋት መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሻንጣዬን ዘጋሁ። ጨርቁን አልከተትኩትም፤ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

"ጊዜ አለን" አለ ጌታነህ። ደወሉን ሞልቶ አንገቱ ላይ ለቀቀው። "በይ፣ አንድ።"

ወረራውን ጀመርን። እሱ በሁለት እጁ፣ እኔም በሁለት እጄ። ሜሮን ቆማ ታያለች። ሰልፉን ሲጨርስ እንደ ልማዱ እጁን አጣምሮ ጠበቀኝ፤ አልተሳለቀብኝም። እኔም ጨረስኩ። ከዚያ ሁለታችንም ማሰለፋችንን አላቆምንም። አንዷን ወደፊት፣ ሌላዋን ወደ ጎን። መደቅ የምንላት ወታደሬ ከፈረሱ ሰያፍ ደርሳ ነበር፤ ልትበላው ትችላለች። እሱም አይቷታል፤ ፈረሱን አላሸሸም። ሌላ ጠጠር አነሳሁ። እሱም ሌላ አነሳ።

ደወሉ ጮኸ። ጌታነህ አጠፋው።

ጨርቁን ከነሰልፉ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተነሳሁ፤ ካፖርቴን ለበስኩ። ሜሮን ሻንጣዬን ይዛ ቀደመች፤ እኔም የደረጃውን ብረት ይዤ ወረድኩ።